ከተቃዋሚ ፓርቲ ሚኒስትር መሾም፦ ማን ምን ያተርፋል?

መነሻ ጽሑፍ

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከመገናኛ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ ካቢኔ ሹመት ተከራከሩ። አንዱ፣ ያሸነፈ ፓርቲ ከተሸነፈው ሰው ወስዶ መሾሙ ትልቅ ነገር ነው ባይ ነው። ሌላው፣ የተሰጣቸው ወንበር እንጂ ሥልጣን አይደለም ይላል። ኮተቤ ስንደርስ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ሁሉ ገብተውበታል። ሁለቱ ካራ ላይ ወረዱ። ክርክሩ እኛ ጋር ቀረ። እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን አላስቀምጥ አለኝ። እዚህ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያመጣሁትም ለዚያ ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ ላስታውስ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ ተደረገ። ምርጫ ቦርድ በመጀመሪያው ዙር ውጤታቸውን ካሳወቃቸው 436 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ብልጽግና 410 ወሰደ። አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ። መስከረም 26 ቀን 2014 ምክር ቤቱ 22 ሚኒስትሮችን አጸደቀ። ከእነሱ ሦስቱ የሌላ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። የኢዜማው መሪ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ትምህርት ሚኒስቴርን ያዙ። የአብኑ ዶክተር በለጠ ሞላ ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂን፣ የኦነጉ አቶ ቀጀላ መርዳሳ ባህልና ስፖርትን። ኦነግ ጭራሽ ምርጫው ላይ አልተወዳደረም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። 410 ወንበር ያለው ፓርቲ ሕግ ለማጽደቅ የማንም እጅ አያስፈልገውም። ታዲያ ሦስቱን ለምን ጠራ? እነሱስ ለምን እሺ አሉ?

የራሴን አቋም ልናገር። ሹመቱን፣ ሥልጣን ማካፈሉን አልቃወምም። የማይዋጥልኝ አካሄዱ ነው። ፓርቲዎቹ ምን ተስማሙ? ሰውየው ምን ሊሠራ ገባ? ምን ካልተሟላለት ይወጣል? ይሄ ተጽፎ ሕዝብ ሊያየው ይገባል። ሚኒስትር የሆነው ሰውም የፓርቲ አመራር ወንበሩን ለሌላ ይልቀቅ። አለበለዚያ መንግሥትን መጠየቅ የነበረበት ሰው ራሱ መንግሥት ሆኖ ቁጭ ይላል። እኛም ጠያቂ እናጣለን። እስቲ የሚመስላችሁን ጻፉ።

በሦስት ቀን ውስጥ 19 ምላሾች መጡ። እንደ አመጣጣቸው ላውጋችሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው የመጣው ከእኛው ሰፈር፣ መንገድ ማዶ ካለው ብሎክ ነው። ጨዋ ሰው ነው። ጥያቄውን ስላነሳሁ አመስግኖ፣ እሱ ግን ነገሩን ከሌላ በኩል እንደሚያየው ገለጸ። በዚህ አገር የተሸነፈ ሰው መጨረሻው ወይ እስር ወይ ስደት እንደነበር አስታወሰ። ፕሮፌሰር ብርሃኑ ራሳቸው ከ1997 ምርጫ በኋላ ታስረው በ1999 ተፈቱ። ከዚያ ውጭ አገር ሆነው ሲታገሉ በ2002 በሌሉበት ሞት ተፈረደባቸው። እኚሁ ሰው በምክር ቤቱ ፊት ቃለ መሐላ ፈጽመው ሚኒስትር ሲሆኑ ማየት፣ ለእሱ ከየትኛውም የስምምነት ወረቀት በላይ ነው።

ይሄን ሳነብ ቆም አልኩ። እውነቱን ነው። ሞት የተፈረደበት ሰው ካቢኔ መግባቱን ቀላል ነገር አድርጌ ጽፌ ከሆነ ስህተቱ የኔ ነው።

ምላሽ 2

አጭር እርማት ነው። ተቃዋሚ የሚለው ቃል እንደቀረና አሁን የሚባለው ተፎካካሪ ፓርቲ እንደሆነ ነገረኝ። ቃሉ የተቀየረው ጥላቻን ለማብረድ ነው የሚል እምነት አለው።

እኔ ተቃዋሚ ማለቱን አልተውኩም። መቃወም ነውር አይደለም። መንግሥት የሚሠራውን አይቶ አይሆንም የሚል ሰው ያስፈልገናል። መፎካከር የምርጫ ሰሞን ሥራ ነው። መቃወም ግን የአምስት ዓመት ሥራ ነው።

ምላሽ 3

ሕግ የተማረች ናት። አለሳልሳ ብትጽፍም አጥብቃ አረመችኝ። ሥልጣን ማካፈል የሚለው አነጋገር ከሕጉ ጋር አይሄድም ባይ ናት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 56 ላይ፣ ብዙ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ወይም የፓርቲዎች ጣምራ አስፈጻሚውን አካል እንደሚያደራጅ ይናገራል። ጥምር መንግሥት የሚባለው እንግዲህ ፓርቲና ፓርቲ ተጣምረው ሲያደራጁት ነው። በ2014 የሆነው ግን አንቀጽ 74 ላይ ያለው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከምክር ቤቶቹ አባላት ወይም ከውጭ፣ ችሎታ ያላቸውን ሰዎች ለሚኒስትርነት ያቀርባሉ፣ ምክር ቤቱም ያጸድቃል። የተሾመው ግለሰብ ነው። ፓርቲው በሕግ ዓይን እዚያ ውስጥ የለም።

ቀጥላ አንድ ነገር አከለች። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ሚኒስትሩ የማንም ፓርቲ ሰው ይሁን፣ አለቃው አንድ ነው። ሊያነሱትም ይችላሉ።

ይሄ ምላሽ የውይይቱን ክር አቃናው። ከዚህ በኋላ የጻፉት አብዛኞቹ ወደ ምላሽ 3 እየተመለሱ ነው የተከራከሩት።

ምላሽ 4

ረጅም ነው። ጸሐፊው ሲልቨር ስፕሪንግ ዓመታት ኖረው፣ አሁን ከአያት ወዲያ ቤት ሠርተው የገቡ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከሌላ ፓርቲ መሾም የቆየ ልማድ እንደሆነና እያንዳንዱ ሹመት የራሱ ስሌት እንዳለው በምሳሌ አስረዱ።

በእሳቸው አገላለጽ አንደኛው ስሌት ከለላ ነው። ኦባማ ሥልጣን ሲይዙ ቡሽ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የሾሟቸውን የመከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ጌትስን አላነሱም፤ እስከ 2011 አቆዩአቸው። ሁለት ጦርነት ላይ ላለ ዴሞክራት፣ በሪፐብሊካን የተሾመ ሰው ወታደሩን ሲመራ ማን ደፍሮ ለመከላከያ ግድ የለህም ይለዋል? ክሊንተንም በሁለተኛ ዘመናቸው ሪፐብሊካኑን ዊልያም ኮኸንን ለዚያው ቦታ ሾመዋል። ከዚያ ወደ ሩዝቬልት ሄዱ። በሰኔ 1940 ሁለት ሪፐብሊካኖችን፣ ስቲምሰንን ለጦር ሚኒስቴር፣ ኖክስን ለባሕር ኃይል አጩ። ኖክስ ከአራት ዓመት በፊት በተቀናቃኙ ወገን ለምክትል ፕሬዝዳንትነት ተወዳድረው የተሸነፉ ናቸው። እጩነቱ ሲነገር የሪፐብሊካኖቹ ጉባኤ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ነበር የቀሩት። ለአገር ነበር፣ ለምርጫም ነበር። እንደ ጸሐፊው ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ሁለተኛው ስሌት ወንበር ማስለቀቅ ነው። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ኦባማ ሪፐብሊካኑን ሴናተር ጀድ ግሬግን ለንግድ ሚኒስቴር አጩ። የግሬግ ግዛት የኒው ሃምፕሻየር ገዥ ዴሞክራት ስለነበሩ፣ ተተኪውን ሴናተር የሚሰይሙት እሳቸው ናቸው። ሰዉ ሁሉ ይቆጥር የነበረው ሚኒስቴሩን አልነበረም፤ የሴኔቱን ወንበር ነበር። ግሬግ ተተኪያቸው ሪፐብሊካን እንዲሆን አስማምተው ነበር። ቢሆንም ብዙም ሳይቆዩ በኢኮኖሚ ማነቃቂያው ሕግና በሕዝብ ቆጠራው ጉዳይ መስማማት አልቻልኩም ብለው ራሳቸውን አገለሉ።

የመጨረሻው ምሳሌያቸው ነው እኔን የያዘኝ። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ኦባማ ሌላ ሪፐብሊካን፣ ቸክ ሄግልን ለመከላከያ አጩ። ሴኔቱ በ58 ለ41 አጸደቀ። ድጋፍ የሰጡት ሪፐብሊካኖች አራት ብቻ ናቸው። ሰውየውን መውሰድና ፓርቲውን መውሰድ ለየቅል እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላጋጠመኝም።

ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ጠቅሞኛል። አንድ ልዩነት ብቻ ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ ሴናተር ሚኒስትር ከሆነ የሴኔት ወንበሩን መልቀቅ ግዴታው ነው። እኛ ጋ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል። ስለዚህ እዚህ ጠያቂ ሲጎድል በግልጽ አይታይም። ወንበሩ ላይ ሰው አለ፣ ጥያቄው ግን የለም።

ምላሽ 5፣ 6 እና 7

እዚህ ላይ ክሩ ከመንገድ ወጣ። ምላሽ 5 ስለ አሜሪካ ማውራቱ ምን ያደርግልናል የሚል ቁጣ ነበር። የእሱ ብሎክ ውሃ ካየ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ምላሽ 6 የእነሱም እንደዚያው መሆኑን፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ለሚያወጣላቸው ልጅ እየከፈሉ እንደሆነ ጨመረች። ምላሽ 7 ደግሞ ከታች ባለው መንገድ ውሃው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል እንደሚመጣና ሮቶ ያለው ሰው ነቅቶ መሙላት እንዳለበት መከረ። ሁለት ሰዎች አመሰገኑት። በዚህ አልተበሳጨሁም። ውሃ የሌለው ሰው ስለ ካቢኔ አውራ ቢባል ከየት ያመጣዋል?

ምላሽ 8

ይሄ የራሴ ነው። ውሃ ከተነሳ አይቀር የእኛን ብሎክ ታሪክ ጻፍኩ፤ ካቢኔውን የማየው በዚያ በኩል ስለሆነ።

የነዋሪ ኮሚቴ ስንመርጥ አንድ ጎረቤታችን ለሰብሳቢነት ተወዳድሮ ተሸነፈ። በየስብሰባው ተነስቶ ሒሳብ የሚጠይቅ እሱ ብቻ ነበር። ደረሰኝ የታል? የጥበቃው ደሞዝ ከየትኛው ሂሳብ ወጣ? እኛ ሌሎቻችን ስብሰባው ቶሎ እንዲያልቅ ነው የምንፈልገው። አሸናፊው ሰብሳቢ ብልህ ሰው ነበር። የውሃ ፓምፑ ኃላፊ ሁንልን ብሎ ጋበዘው። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ፓምፑ ከአምስት ወር በኋላ ተቃጠለ። ኃላፊው ማሠሪያ ገንዘብ ጠየቀ። የባንክ ደብተሩ የሚንቀሳቀሰው በሰብሳቢውና በገንዘብ ያዧ ፊርማ ነው። የእሱ ፊርማ የለበትም። ጥያቄውን በባለ ካሬ ደብተር ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሦስት ጊዜ ጽፎ አስገብቷል። ደብተሩን አሳይቶኛል። በእያንዳንዱ ሥር ቀን አለ፣ ፊርማ አለ፣ መልስ የለም። አንድ ቀን ጠዋት ከአምስተኛ ፎቅ የወረደች ሴት ሁለት ባዶ ቢጫ ጀሪካን በሩ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ምንም አልተናገረችም። ሰብሳቢው በር ላይ አይደለም ያስቀመጠችው።

ከዚያ ወዲህ በስብሰባችን ላይ ስለ ሒሳብ የጠየቀ ሰው የለም። ያ ሰው ኮሚቴ ሆኗል፣ ሌላ ጠያቂ አልነበረንም።

ምላሽ 9

የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። የፓምፑን ታሪክ አንብቦ በቀጥታ ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሄደ። በ2015 መጀመሪያ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲሰጥ ተደረገ። በጥር ውጤቱ ሲወጣ፣ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። የዚያን ዕለት አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ የነበረውን ጻፈ። የራሳቸው ስልክ የሌላቸው ሦስት ልጆች ውጤታቸውን በእሱ ስልክ አዩ። ስልኩን እየተቀባበሉ። ሦስተኛዋ አይታ መልሳ ሰጠችው፣ አመሰግናለሁ ቲቸር ብላ ወጣች። ጎበዝ ነበረች።

ከዚህ ተነስቶ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የዓመታት ውድቀት በአንድ ሰው ላይ ተጫነ። መጽሐፍ አልነበረም፣ አስተማሪው በደሞዙ መኖር አይችልም፣ ሰፈሩ ውስጥ የቁጣው ስም ግን የሚኒስትሩ ስም ነበር። ሁለተኛ፣ ይሄን ያደረገው የገዢው ፓርቲ ሚኒስትር ቢሆን ኖሮ ይደፍር ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ፈተና በስልክ ሲዞር የኖረበት አገር ነው። የወላጅን ቁጣ የፈራ ሰው ያንን በር አይዘጋም። በሚቀጥለው ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ ከዚያ 8.4 በመቶ አለፈ። መምህሩ ቁጥሩ የሚያኮራ ነው አላለም። እውነተኛ ቁጥር ነው አለ።

ስለዚህ ለእሱ ከሌላ ፓርቲ የመጣው ሚኒስትር ጥቅም ይሄ ነው። መራራውን መድኃኒት እሱ ያጠጣል። ጉዳቱም ያው ነው፤ ምሬቱ ከእሱና ከፓርቲው ጋር ይቀራል። ጠሪውም ይህንን ሳያውቅ አልጠራም።

የክሩ ምርጥ ምላሽ ይሄ ይመስለኛል። ለምን ጠራ ለሚለው ጥያቄዬ ከተሰጡት መልሶች የተሻለውም ነው።

ምላሽ 10

እናት ናት። በመምህሩ ላይ ተቆጣች። ልጇ በዚያ ዓመት ተፈትኗል። አላለፈም። ከዚያ ሬሜዲያል ገባ፣ ለአንድ ዓመት ያህል ቤተሰቡ አብሮ ተፈተነ። መድኃኒት የሚለውን ቃል ልትሰማው አትፈልግም። ልጆች ለማንም ፖለቲከኛ ድፍረት መለማመጃ አይደሉም ስትል ጻፈች። መምህሩ ዝቅ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም። ሁለቱንም ተረዳኋቸው።

ምላሽ 11

ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። የኔን የስምምነት ወረቀት ጉዳይ ይዘው ወደ 1983 መለሱን። ያኔ ወረቀት ነበር። የሽግግሩ ቻርተር ነበር። 87 መቀመጫ ባለው የተወካዮች ምክር ቤት ኢሕአዴግ 32፣ ኦነግ 12 ያዙ። ኦነግ ሚኒስትሮችም ነበሩት። ዲማ ነገዎ ማስታወቂያ ሚኒስቴርን፣ ኢብሳ ጉተማ ትምህርት ሚኒስቴርን ይዘው ነበር። አባት ትምህርት የሚለውን ደጋግመው ጻፉት። ያኔም አሁንም ለሌላው ወገን የሚሰጠው ትምህርት ነው፤ ጦሩና ደኅንነቱ ግን ከገዢው እጅ አይወጣም። በሰኔ 1984 በክልል ምርጫው ሰሞን ኦነግ ከመንግሥቱ ወጣ። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ቻርተሩ አላዳነውም።

ጥያቄያቸው ለኔ ነበር። የተጻፈ ነገር ሲፈርስ የሚዳኘው ከሌለ ወረቀቱ ምን ይሠራል?

ለዚህ ጥሩ መልስ አልነበረኝም። ይኸውና የጻፍኩላቸው፦ አባቴ፣ ወረቀቱ ብቻውን አያድንም። ግን ወረቀት ካለ ማን እንዳፈረሰው እናውቃለን። ከሌለ ሁሉም የየራሱን ታሪክ ይዞ ይሄዳል።

ምላሽ 12

ወጣት ነው። የአፍሪካን ፖለቲካ በደንብ ይከታተላል። ለአባት የመለሰው እሱ ነው። ዳኛው የምክር ቤት ድምፅ ነው ባይ ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ገዢው ፓርቲ ኤኤንሲ ከ400 መቀመጫ 159 ብቻ አገኘ። ብቻውን መንግሥት መመሥረት አልቻለም። ዲሞክራቲክ አሊያንስ 87 ይዞ ገባና ስድስት ሚኒስትር አገኘ፣ መሪው ስቲንሄይሰን ግብርናን ያዘ። በሚቀጥለው ዓመት ኤኤንሲ የተጨማሪ እሴት ታክስ ልጨምር ሲል፣ ይሄው ፓርቲ ካቢኔ ውስጥ ሆኖ የበጀት ማዕቀፉን ተቃውሞ ድምፅ ሰጠ። ጭማሪው በመጨረሻ ቀረ። ከመንግሥት ሳይወጣ አይሆንም አለ፣ ተሰማም።

ኬንያን ደግሞ ከእኛ ጋር አስተያየው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ሐምሌ፣ ወጣቶቹ መንገዱን ካጥለቀለቁ በኋላ ፕሬዝዳንት ሩቶ ካቢኔያቸውን በትነው የተቃዋሚውን መሪ የራይላ ኦዲንጋን ሰዎች አስገቡ። ምባዲ ገንዘብ ሚኒስቴርን ያዙ። የተፈለገው እሳቱን ማብረድ ነበር። ቢሆንም ምባዲና ሌሎቹ የፓርቲ ሥልጣናቸውን አስረክበው ነው የገቡት። ይሄኛው የኔን ሁለተኛ ነጥብ ይደግፋል። በእኛ አገር ፕሮፌሰር ብርሃኑ ሚኒስትር ሆነው ሳለ በ2014 የኢዜማ ጉባኤ እንደገና የፓርቲው መሪ ሆነው ተመርጠዋል።

የወጣቱ መደምደሚያ አጭር ነበር። ድምፅ የሚያስፈልገው መንግሥት አጋሩን ይሰማል። 410 ያለው ግን የመስማት ግዴታ የለበትም፤ የሚሰማው ሲፈልግ ነው።

ምላሽ 13 እና 14

ምላሽ 13 ሚኒስትሮቹን ለሆዳቸው የገቡ ናቸው ብሎ ሰደበ። ሌላም ብዙ ነገር ጨመረ፣ እዚህ አልደግመውም። ምላሽ 14 በብሔሩ ገባበት። ሁለቱም እንዲያነሱት ጠየቅኩ። አንዱ አነሳ። የሌላውን አስተዳዳሪዎቹ አጠፉት። በሐሳብ መጋጨት ያለ ነው። ሰውን በትውልዱ መስደብ ግን እዚህ አይሆንም።

ምላሽ 15

ይሄኛው ስለታም ነው፣ ግን ስድብ የለበትም። ከምላሽ 1 ጋር የተጋጨ ነው። ከተሸነፉት አንዱ ሚኒስትር ሆነ ማለት እስሩ ቀረ ማለት እንዳልሆነ ጻፈ። የአብን ተመራጭ የሆኑት የምክር ቤት አባል አቶ ክርስቲያን ታደለ በ2015 ክረምት ታሰሩ። ያኔ የዚያው ፓርቲ ሰው ካቢኔ ውስጥ ነበሩ። ጸሐፊው የጠየቀው ይሄንን ነው። አንዱ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ተቀምጦ ሌላው እስር ቤት ሲሆን፣ ፓርቲው የቱ ጋ ነው ያለው? መግለጫ ቢያወጣ በማን ላይ ነው የሚያወጣው?

የምላሽ 1 ጸሐፊ ተመልሶ መጣ። ጥያቄው ከባድ መሆኑን አመነ። መልስ ግን አልሰጠም። እኔም የለኝም።

ምላሽ 16

ስለ 1997 ነው። ጸሐፊዋ ያኔ የመጀመሪያ ድምፅዋን የሰጠችው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ቅንጅት ከከተማዋ ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ። ሳይረከብ ቀረ። ለከንቲባነት የታጩት እኒሁ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነበሩ። እሷ እስከ ዛሬ ይቆጫታል። በሕዝብ ድምፅ የተገኘችውን ከተማ ከመግባት ይልቅ ውጭ መቆም ተመረጠ። ከ16 ዓመት በኋላ ደግሞ ያለ ድምፅ፣ በግብዣ ተገባ። አልፈረደችም። የቱ ይሻል እንደነበር ግን ሌሊቱን ሙሉ አስቤበታለሁ ብላ ጨረሰች። ከአሥር ሰዎች በላይ ስለዚያ ዘመን የራሳቸውን ትዝታ ከሥሯ አስቀመጡ። ክሩ ለአንድ ቀን ያህል ሌላ ነገር አልነበረውም።

ምላሽ 17

ከለገጣፎ የጻፈ ሰው ነው። እነሱ አሁን በሸገር ከተማ ሥር እንደሆኑና ካቢኔያቸው ሌላ መሆኑን አስታወሰን። ከዚያ የመንገድ ጉዳይ አንስቶ ሄደ።

ምላሽ 18

ሕግ የተማረችው ተመለሰች። ምላሽ 12ን ደገፈች፣ ምላሽ 11ን ደግሞ በከፊል። የፓርቲዎች ስምምነት ተጽፎ ቢወጣም ፍርድ ቤት እንደማያስፈጽመው ገለጸች። አስፈጻሚው መራጩ ነው። እኔን ደግሞ አንድ ቦታ ላይ አጥብቃ ያዘችኝ። ጠያቂ የጠፋው በሦስት ሹመት ምክንያት አይደለም አለችኝ። ከ436 ወንበር 410 አንድ ፓርቲ ሲይዝ ጠያቂው መጀመሪያውኑ ጥቂት ነበር። ብሎካችሁም ውስጥ እንደዚያው ነው፤ ከዚያ ሁሉ አባወራ አንድ ሰው ብቻ ሒሳብ ይጠይቅ ከነበረ ጥፋቱ የሰብሳቢው ብቻ አይደለም።

ይሄ ነካኝ። ትክክል ናት። እኔም እዚያ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ምላሽ 19

የመጨረሻው የመጣው ማክሰኞ ማታ ነው። ጸሐፊው የፓምፑ ኃላፊ ነው። ይሄን መድረክ እንደሚያነብ አላውቅም ነበር።

ታሪኩን ስለጻፍኩ አልተቀየመም። ሁለት ነገር ግን አስተካከለ። ጀሪካኖቹን ሴትዮዋ በሩ ላይ ስታስቀምጥ ቤት ውስጥ ነበር፤ ከጎረቤት ቀድቶ ሞልቶ መልሶላታል። ሌላው፣ ኃላፊነቱን የተቀበለው ተታሎ እንዳልነበር ነው። ከውጭ ሆኖ ከመጮህ ገብቶ መሥራት ይሻላል ብሎ ነው። አሁንም እንደዚያው ያስባል። ድጋሚ ቢጠሩት ይገባል። ግን መጀመሪያ ፊርማው የባንክ ደብተሩ ላይ ይግባ ባይ ነው። በእሱ ቦታ ደግሞ ሒሳብ የሚጠይቅ ሌላ ሰው ይነሳ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አራት ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ ስብሰባ አለን። የፊርማውን ጉዳይ አጀንዳ አስይዣለሁ። የስድስት ወሩን ደረሰኝም እኔ እጠይቃለሁ።